ቱርማሌ፦ «ነፍሰ ገዳዮች» ብሎ የጮኸው ሰው ሐውልት

ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ ቁጭ ብሎ ይህን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው፣ በብስክሌት ዓለም እጅግ ከሚፈሩት የተራራ በሮች አንዱ ከሆነው ከቱርማሌ ጫፍ በላይ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ቱርማሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,115 ሜትር ነው። የአዲስ አበባ መሀል ከተማ ከ2,300 ሜትር ያልፋል። በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲና የወረደ መንገደኛማ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለ በር አልፏል፤ አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶት ከሆነም ሳያውቀው ነው ያለፈው።

ታዲያ ፈረንሳዮች ስለዚህ በር ከመቶ ዓመት በላይ የሚያወሩት፣ መጽሐፍ የሚጽፉለት፣ ሐውልት የሚያቆሙለት ለምንድን ነው?

አንዱ መልስ አቀበቱ ነው። በምዕራብ በኩል ሉዝ ከተባለችው ከተማ የሚነሳ ብስክሌተኛ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፍ ይወጣል። በዚያች ርቀት ውስጥ ወደ ሰማይ የሚጨምረው 1,400 ሜትር ገደማ ነው። ከአባይ ድልድይ ተነስቶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣውን ጥምዝምዝ መንገድ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል። በጭነት መኪና እንኳ ሞተሩ የሚያቃስትበትን አቀበት በእግር ጉልበት መውጣት ማለት ነው።

ሁለተኛው መልስ ግን ከተራራው ጋር ብዙ አይገናኝም። ቱርማሌን ቱርማሌ ያደረጉት አንድ ጋዜጣ፣ አንድ አዘጋጅና ያ አዘጋጅ የጻፋቸው ደንቦች ናቸው። የዚህ በር የስፖርት ታሪክ ሲመረመር «ሰዎቹ ከተራራው ጋር ታገሉ» የሚለው የተለመደ ወግ ግማሹን ብቻ ይናገራል። ሌላው ግማሽ ሰዎቹ ከደንቡ ጋር ያደረጉት ትግል ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ ከብስክሌቱ በፊት

ቱርማሌ የሚገኘው ፈረንሳይን ከስፔን በሚለየው የፒሬኔ ሰንሰለት ውስጥ፣ በፈረንሳይ በኩል ነው። በምሥራቅ የካምፓንን ሸለቆ፣ በምዕራብ የባሬዥን ሸለቆ ያገናኛል። ለብዙ ዘመን የእረኞችና የበቅሎ ነጋዴዎች መንገድ ነበር። ክረምት ሲገባ በረዶው ይዘጋዋል። ዛሬም ቢሆን መንገዱ የዓመቱን ግማሽ ያህል በበረዶ ተዘግቶ ይከርማል፤ የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ በግንቦት መጨረሻ ወይም በሰኔ ገደማ ነው።

ቦታው በታላላቅ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ስሙ የተነሳው በፍል ውሃ ምክንያት ነው። ባሬዥ ከጥንት ጀምሮ ሕመምተኛ የሚሄድባት የፍል ውሃ መንደር ናት። በ1675 የንጉሥ ሉዊ 14ኛ ልጅ የሆነው ሕፃን መስፍን እግሩ ደካማ ስለነበር በውሃው እንዲታከም ወደዚያ ተወሰደ። ሞግዚቱ ማዳም ደ ማንትኖን ነበረች፤ በኋላ የንጉሡ ሚስት የሆነችው ማለት ነው። በታችኛው ገደል በኩል ያለው መንገድ ለጉዞ የማይመች ስለነበር በቱርማሌ በኩል ተሻገሩ። እንዲህ ዓይነት መኳንንት ደግሞ ተራራ በእግራቸው አይወጡም። የአገሬው ሰው በትከሻው ተሸክሞ ያሻግራቸዋል።

ሠረገላ የሚያስኬድ ደህና መንገድ የተሠራው ከዚያ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ዘግይቶ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በናፖሊዮን ሦስተኛ ዘመን ነው። ዓላማው አሁንም ፍል ውሃ ነበር። የፒሬኔን የፍል ውሃ ከተሞች እርስ በርስ የሚያገናኝ መንገድ ተዘረጋ፤ የፓሪስ ሀብታም በምቾት ተጉዞ እንዲታከም። በኋላ ብስክሌተኞች ደም የሚተፉበት መንገድ መጀመሪያ የተሠራው ለሕመምተኞች ነው።

◆ ጋዜጣ የወለደው ውድድር

ቱር ደ ፍራንስ የተወለደው ከስፖርት ፍቅር ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፈረንሳይ በድሬይፉስ ጉዳይ ለሁለት ተከፍላ ነበር። አይሁዳዊው የጦር መኮንን አልፍሬድ ድሬይፉስ በሐሰት በስለላ ተከሶ ተፈርዶበታል፤ ግማሹ አገር ንጹሕ ነው ይላል፣ ግማሹ ይሰቀል ይላል። በጊዜው ገናና የነበረው «ለ ቬሎ» የተባለው የስፖርት ጋዜጣ አዘጋጅ የድሬይፉስ ደጋፊ ነበር። ማስታወቂያ የሚያወጡበት ባለ ፋብሪካዎች ደግሞ ብዙዎቹ በተቃራኒው ወገን ነበሩ። ተቆጥተው በ1900 የራሳቸውን ጋዜጣ አቋቋሙ። አዘጋጅ አድርገው የሾሙት የቀድሞ ብስክሌተኛውን ኦንሪ ዴግራንዥን ነው። ይህ ጋዜጣ በኋላ «ሎቶ» ተባለ። የሚታተመው በቢጫ ወረቀት ነበር፤ የቱሩ መሪ እስከ ዛሬ ቢጫ ማልያ የሚለብሰው ከዚህ የተነሳ ነው።

አዲሱ ጋዜጣ ገበያው አልቀና አለው። በ1903 መላ ፈረንሳይን የሚዞር የብስክሌት ውድድር እንዲያዘጋጅ ሐሳብ ቀረበለት። ውድድሩ ተካሄደ። በተደጋጋሚ እንደሚጠቀሰው 25,000 ገደማ የነበረው ዕለታዊ ሽያጭ ወደ 65,000 አሻቀበ። «ለ ቬሎ» ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ።

እዚህ ላይ ልብ መባል ያለበት ነገር አለ። በዚያ ዘመን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የለም። ሕዝቡ ብስክሌተኛውን የሚያየው በደጁ ሲያልፍ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ቀሪውን የሚያውቀው ከጋዜጣ ነው። ስለዚህ ጋዜጣው ውድድሩን ያዘጋጃል፣ ደንቡን ያወጣል፣ ዳኛውን ይሾማል፣ ከዚያም ዜናውን ራሱ ጽፎ ይሸጣል። ተወዳዳሪው ይበልጥ በተሰቃየ ቁጥር ዜናው ይበልጥ ይጣፍጣል። ዜናው በጣፈጠ ቁጥር ወረቀቱ ይሸጣል።

◆ ማርሽ ያለው ብስክሌትና የዴግራንዥ ፍርድ

ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ታሪክ እዚህ መግባት አለበት። ቱር ደ ፍራንስ ወደ ቱርማሌ ከመምጣቱ ከ8 ዓመት በፊት፣ በ1902፣ የፈረንሳይ የቱሪንግ ክለብ በዚሁ በር ላይ የብስክሌት ፈተና አካሂዶ ነበር። ዓላማው ተራ ሰው ለሽርሽር የሚገዛው ብስክሌት ተራራ ላይ ምን ያህል እንደሚያገለግል ማየት ነው። ከቀረቡት ብስክሌቶች መካከል ማርሽ የሚቀይሩ ነበሩ። ከነጂዎቹ መካከልም ማርቴ ኤስ የተባለች ሴት ነበረች።

ማለትም በ1902 ቱርማሌ በብስክሌት እንደሚወጣ ታውቋል። በምን ዓይነት ብስክሌት ቢወጣ እንደሚቀልም ታውቋል።

ዴግራንዥ ግን ለማርሽ ፊት አልሰጠም። ማርሽ መቀየር ዕድሜው ከ45 ዓመት ላለፈ ሰው እንደሆነ፣ ጎበዝ በጡንቻው እንጂ በማሽን ብልሃት ማሸነፍ እንደሌለበት በጊዜው ጽፏል። ይህ የግል ምርጫው ብቻ ሆኖ ቢቀር ማንንም ባልጎዳ ነበር። ነገር ግን ሰውየው የውድድሩ ባለቤት ነው። በዚህ የተነሳ መንገደኛና ሽርሽረኛ ማርሽ እየቀየረ የሚወጣውን አቀበት፣ በዓለም ላይ ምርጥ የተባሉት ጋላቢዎች ያለ ማርሽ መቀየሪያ፣ በከባድ የብረት ብስክሌት፣ ድንጋይና ጭቃ በሞላበት መንገድ እንዲወጡ ተገደዱ። አቀበት ሲብስባቸው የነበራቸው አማራጭ ሁለት ነው፤ ወርዶ የኋላ ጎማውን ፈትቶ ማገላበጥ፣ ወይም ብስክሌቱን እየገፉ በእግር መሄድ።

◆ የስታይነስ ሌሊት

ፒሬኔ ወደ ቱሩ እንዲገባ የወተወተው የዴግራንዥ ባልደረባ አልፎንስ ስታይነስ ነው። በ1910 መንገዱን ሊያጠና ሄደ። ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ በተከራየው መኪና ከሳንት ማሪ ደ ካምፓን ወደ ላይ ወጣ፤ ጫፉ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው መኪናው በረዶ ያዘው። ሹፌሩን መልሶ በእግሩ ቀጠለ። ጨለመበት። በረዶው ውስጥ እየሰመጠ፣ እየተንሸራተተና እየወደቀ ሲንገላታ አድሮ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሊፈልጉት የወጡ ሰዎች ባሬዥ አካባቢ አገኙት።

ከታጠበና ከበላ በኋላ ወደ ፓሪስ ቴሌግራም ላከ። መልእክቱ ባጭሩ ቱርማሌን ተሻገርኩ፣ መንገዱ በጣም ጥሩ ነው፣ እንደ ልብ ያስኬዳል የሚል ነበር።

ይህ ታሪክ በቱር ደ ፍራንስ ወግ ውስጥ እንደ ቀልድ ይነገራል። ሰሚው ሁሉ ይስቃል። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን የሚቀረው ነገር ይህ ነው፤ ለሞት የቀረበ ሰው ለአለቃው መንገዱ ደህና ነው ብሎ ጻፈ፣ አለቃውም አመነ ወይም ማመን ፈለገ፣ በዚያ መንገድ ላይ የሚያልፉትን ሰዎች ግን የጠየቀ የለም።

◆ ጁላይ 21 ቀን 1910

የቀኑ ጉዞ ከሉሾን እስከ ባዮን 326 ኪሎ ሜትር ነበር። መነሻው ከሌሊቱ ዘጠኝ ተኩል። በመንገድ ላይ ፔይረሱርድ፣ አስፐን፣ ቱርማሌና ኦቢስክ ተደርድረዋል። ዴግራንዥ ራሱ በቦታው አልነበረም፤ አሞኛል ብሎ ኃላፊነቱን ለባልደረባው ለቪክቶር ብሬይየር ሰጥቶ ሄዷል። ተወዳዳሪ ሲወድቅ ወይም ሲደክም የሚለቅመው ከኋላ የሚከተል መኪና፣ ፈረንሳዮች «መጥረጊያው» የሚሉት፣ የተጀመረውም በዚያ ዓመት ነው። አዘጋጆቹ ምን እንደሚመጣ ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ቱርማሌን ቀድሞ የተሻገረው የ22 ዓመቱ ፓሪሳዊ ኦክታቭ ላፒዝ ነው። እየጋለበም እየገፋም ነበር የወጣው። ከብስክሌቱ ሳይወርድ እስከ ጫፍ የዘለቀው ጉስታቭ ጋሪጉ ሲሆን ለዚህም 100 ፍራንክ ተሸለመ።

ከቱርማሌ በኋላ ደግሞ ኦቢስክ አለ። ብሬይየርና ስታይነስ እዚያ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰዓቱ ሄደ፣ ማንም አልመጣም። በመጨረሻ እምብዛም የማይታወቅ የአካባቢው ልጅ ፍራንስዋ ላፉርካድ ቃል ሳይተነፍስ አለፈ። ቆይቶ ላፒዝ ብስክሌቱን እየገፋ ደረሰ። አዘጋጆቹን ሲያይ ጮኸባቸው። ቃሉ በየተራኪው ትንሽ ይለያያል፤ በሁሉም ውስጥ ያለው ግን አንድ ነው፦ ነፍሰ ገዳዮች።

ታች ስደርስ ውድድሩን እተዋለሁ ብሎ ነበር። አልተወም። ላፉርካድን ደርሶበት አልፎ፣ ከ14 ሰዓት በላይ ከፈጀ ጉዞ በኋላ ባዮን ላይ አሸነፈ። በአጠቃላይ ውጤትም ያለፈውን ዓመት አሸናፊ ፍራንስዋ ፋቤርን በ4 ነጥብ በልጦ የ1910ን ቱር ወሰደ። ከተነሱት 110 ተወዳዳሪዎች ፓሪስ የደረሱት 41 ናቸው።

«ፈልገው ነው የገቡት፤ ማን አስገደዳቸው?» የሚል ክርክር ያኔም ነበረ፣ አሁንም አለ። እውነት ነው፣ በገመድ ታስሮ የመጣ የለም። ግን ከተሰለፉት ብዙዎቹ ከድሃ ቤት የወጡ የእጅ ሥራ ሰዎች ነበሩ። ፋብሪካ የማይደግፋቸው ተወዳዳሪዎች ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ጋልበው ሲያበቁ ማደሪያና እራት የሚፈልጉት ራሳቸው ነበሩ። ከዚህ ሥራ የተሻለ የሚከፍል ሌላ ሥራ ያልነበረው ሰው አዘጋጁን ሰድቦ በማግስቱ መልሶ ከመሰለፍ ሌላ ምን ያደርጋል? በሬ ካራጁ ይውላል።

ለዴግራንዥ ግን ጩኸቱ ኪሳራ አልሆነም። በዓመቱ ፒሬኔን አላስቀረም፤ ይልቁን የአልፕስን ታላቁን በር ጋሊቢየን ጨመረበት።

◆ ወናፉን የነፋው ልጅ

በ1913 በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከባዮን ወደ ሉሾን፣ ውድድሩ ቱርማሌን ሲሻገር ኤዤን ክሪስቶፍ ቱሩን ለማሸነፍ ጥሩ ቦታ ላይ ነበር። ቁልቁለቱን ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ መሰል ብረት ተሰበረ።

ደንቡ ግልጽ ነው። ተወዳዳሪ ብስክሌት መቀየር አይችልም። የተሰበረውን ራሱ ይጠግናል፤ ከማንም እርዳታ አይቀበልም። ክሪስቶፍ ብስክሌቱን ተሸክሞ፣ እያለቀሰ፣ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ወርዶ ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ደረሰ። የአንጥረኛ ቤት አገኘ። ክሪስቶፍ ብስክሌተኛ ከመሆኑ በፊት የቁልፍ ሠራተኛ ስለነበር ብረት ያውቃል። ፍም አቀጣጥሎ፣ ቀጥቅጦ፣ በጥቶ ሠራው። የውድድሩ ሹማምንት ከአጠገቡ ቆመው ማንም እንዳይረዳው ይጠብቃሉ።

ችግሩ እጁ ሁለት ብቻ መሆኑ ነው። በአንዱ ብረቱን ይይዛል፣ በሌላው መዶሻውን። ወናፉን ማን ይንፋ? አንድ ትንሽ ልጅ ነፋለት። ሹማምንቱም ደንብ ተጥሷል ብለው 10 ደቂቃ ቅጣት ጨመሩበት፤ በኋላ ወደ 3 ደቂቃ ዝቅ ተደረገ።

ክሪስቶፍ በዚያ ቀን ያጣው ጊዜ አራት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተጨመረ አልተጨመረ በውጤቱ ላይ የሚለውጠው ነገር አልነበረም። ቅጣቱ የተፈለገው ደንቡ እንዲከበር ብቻ ነው። የዚያን ዓመት ቱር ቤልጂጋዊው ፊሊፕ ቲስ ወሰደ፤ ክሪስቶፍ 7ኛ ወጣ።

ከጦርነቱ በኋላ በ1919 ቢጫ ማልያ ሲጀመር የመጀመሪያው ባለ ማልያ እሱ ሆነ። በዚያም ዓመት እየመራ ሳለ ያው ብረት በሰሜን ፈረንሳይ ቫለንሲየን አካባቢ ተሰበረበት። አንባቢዎች ገንዘብ አዋጥተው ካሱት። ቱሩን ግን ሳያሸንፍ ዕድሜው አለፈ።

ሌሎቹ እስከ 1919 እንኳ አልደረሱም። ፋቤር በ1915 በጦር ሜዳ ሞተ። ላፒዝ አውሮፕላን አብራሪ ሆኖ በ1917፣ ጁላይ 14 ቀን፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ በዓል ዕለት ተመትቶ ወደቀ። ዕድሜው 29 ነበር። ኦቢስክ ላይ የጮኸው ሰው የሞተው በተራራ ሳይሆን በሌሎች አለቆች ትእዛዝ ነው።

◆ ቡና ቤት ውስጥ የተገኘው ዜና

የብስክሌተኞቹን ጩኸት እንደ ጩኸት አድርጎ የጻፈው ሌላ ጋዜጣ ነው። በ1924 ያለፈው ዓመት አሸናፊ ኦንሪ ፔሊሲዬ፣ ወንድሙ ፍራንሲስና ጓደኛቸው ሞሪስ ቪል ውድድሩን አቋርጠው ወጡ። ምክንያቱ ማልያ ነበር። ሌሊት በብርድ የተነሳ ሰው ሁለት ማልያ ደርቦ ይነሳል፤ ቀን ሲሞቅ አንዱን አውልቆ ይጥላል። ደንቡ ግን በያዝከው ነገር ጨርስ ይላል። ሹሙ የፔሊሲዬን ልብስ ገልጦ ስንት ማልያ እንደለበሰ ቆጠረ። ፔሊሲዬ በቃኝ አለ።

አልበር ሎንድር የተባለው ዘጋቢ ኩታንስ በምትባል ከተማ ቡና ቤት ውስጥ አገኛቸው። ሎንድር ባለፈው ዓመት የካየንን የግዞት እስር ቤት ሄዶ አይቶ የጻፈ ሰው ነው። ብስክሌተኞቹ ቦርሳቸውን ከፍተው ጉዟቸውን የሚጨርሱበትን መድኃኒት አሳዩት፤ ለዓይን የሚሆን ኮኬይን፣ ለድድ የሚሆን ክሎሮፎርም፣ ልዩ ልዩ ክኒን። ሎንድር ያየውንና የሰማውን እንዳለ ጻፈው። «የመንገድ እስረኞች» የሚለው ስያሜ ከዚያ በኋላ ከውድድሩ ጋር ተጣብቆ ቀረ።

የተራራው ቀን ግን ቀጠለ። በ1926 ከባዮን ወደ ሉሾን ሲሄዱ ዝናብ፣ ጭቃና ብርድ ተባበሩባቸው። አሸናፊው ሉሲዬን ቡይስ ራሱ ከ17 ሰዓት በላይ ፈጀበት። አሸናፊው 17 ሰዓት ከፈጀበት መጨረሻ ላይ ያለው ምን እንደደረሰበት መገመት አይከብድም።

መውጫው የመጣው በ1930ዎቹ ነው። ዴግራንዥ ታሞ በ1936 ሥራውን ለዣክ ጎዴ አስረከበ። በ1937 ማርሽ መቀየሪያ ለሁሉም ተወዳዳሪ ተፈቀደ። ከ1902 እስከ 1937 ድረስ 35 ዓመት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተራራው አንድ ሜትር እንኳ አልቀነሰም። አዘጋጁ ሲለወጥ ደንቡ ተለወጠ፤ በዓመቱ።

◆ ከዚያ ወዲህ

መንገዱ አስፋልት ለበሰ፣ ብስክሌቱ ቀለለ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን መጡ። ቱር ደ ፍራንስ ቱርማሌን ከ80 ጊዜ በላይ ተሻግሯል።

በ1969 የ24 ዓመቱ ቤልጂጋዊ ኤዲ መርክስ ቢጫ ማልያ ለብሶ፣ ምንም ሳያስፈልገው፣ ቱርማሌ ጫፍ አጠገብ ተነጥሎ ወጣ። 140 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻውን ጋልቦ ተከታዮቹን ስምንት ደቂቃ በሚጠጋ ልዩነት ቀደማቸው። በ2010 የፒሬኔ መቶኛ ዓመት ሲከበር አንዲ ሽሌክና አልቤርቶ ኮንታዶር በጉም ውስጥ ጎን ለጎን ጫፍ ደረሱ። ቀኑን ሽሌክ፣ ቱሩን ኮንታዶር ወሰደ። በኋላ ኮንታዶር በተከለከለ መድኃኒት ምክንያት ድሉ ተሰርዞበት የዓመቱ ዋንጫ ለሽሌክ ተሰጠ። ፔሊሲዬዎች ቦርሳ ውስጥ የነበረው ነገር ስሙ ተለወጠ እንጂ አልጠፋም።

በ2023 ደግሞ ከሴቶች ቱር ደ ፍራንስ የአንዱ ቀን ጉዞ በዚሁ በር ላይ ተጠናቀቀ። ሆላንዳዊቷ ደሚ ቮለሪንግ በጉም ውስጥ ብቻዋን ወጥታ አሸነፈች። ማርቴ ኤስ በዚያ መንገድ ካለፈች 121 ዓመት ሆኖ ነበር። ሴት ቱርማሌን መውጣት እንደምትችል ከታወቀ መቶ ዓመት አልፏል፤ የዘገየው ፈቃዱ ነው።

◆ ከአስመራና ከመቀሌ

የእኛ አካባቢ ሰዎችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይተው ገብተዋል። ዘግይተው የገቡት ብስክሌት ስለማያውቁ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በተሳተፈችበት በ1956ቱ ሜልቦርን ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ተሰልፈው ነበር፤ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። ከደጋ መወለድና አቀበት መልመድ እንደ ሀብት ከተቆጠረ ሀብቱ ከጥንት ጀምሮ ነበር። የጠፋው በሩን የሚከፍት ቡድን፣ ፈቃድና ገንዘብ ነው።

በ2015 ሁለት ኤርትራውያን፣ ዳንኤል ተክለሃይማኖትና መርሃዊ ቁዱስ፣ በአንድ የደቡብ አፍሪካ ቡድን ስም ቱር ደ ፍራንስ ገቡ። ዳንኤል ለተራራ ንጉሥ የሚሰጠውን ቀይ ነጠብጣብ ማልያ ለአራት ቀን ለበሰ፤ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። በተከታዩ ዓመት የመቀሌው ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የዚያን ዓመት ውድድርም በቱርማሌ ያልፍ ነበር።

በ2024 አስመራ የተወለደው ብንያም ግርማይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማልያ እስከ መጨረሻ ወሰደ። ብንያም የፍጥነት ሰው ነው፤ ተራራ የእሱ ሜዳ አይደለም። ያም ሆኖ በዚያ ዓመት ቱርማሌ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ለእሱና ለመሰሎቹ ማሸነፊያ ሳይሆን ማለፊያ ነው። ከኋላ ተሰባስበው፣ እየተጠባበቁ፣ የሰዓት ገደቡ ሳይደርስባቸው ጫፉን ለመሻገር ይጥራሉ። ገደቡን ያለፈ ከውድድሩ ይሰናበታል። ቴሌቪዥኑ ፊት ያሉትን ብቻ ስለሚያሳይ ይህን ትግል ብዙ ሰው አያየውም። ከ1910 ጋር ይበልጥ የሚመሳሰለው ግን የእነሱ ቀን ነው።

◆ ሐውልቱ

ዛሬ ቱርማሌ ጫፍ ላይ የሚቆም ሰው ሁለት መታሰቢያ ያገኛል። አንዱ የዣክ ጎዴ ነው፤ ዴግራንዥን የተካው አዘጋጅ። ሌላው በብስክሌት ላይ ሆኖ አፉን ከፍቶ የሚያቃስት ትልቅ የብረት ሰው ነው። «የቱርማሌ ግዙፍ» ይሉታል። መታሰቢያነቱ ለኦክታቭ ላፒዝ ነው። ታች ሳንት ማሪ ደ ካምፓን ደግሞ ክሪስቶፍ ብረቱን የጠገነበትን ቦታ የሚያሳይ ጽሑፍ አለ። በረሃብና በብርድ ያለፉት ሰዎች ስማቸው አልጠፋም፤ ይህ ደግ ነገር ነው።

ግን በ1910 ላፒዝ የተናገረው ነገር የጀግና ንግግር አልነበረም። ክስ ነበር። የተከሰሱት ሰዎች በስም የሚታወቁ፣ ከፊቱ የቆሙ ነበሩ። ጊዜ ሲያልፍ ክሱ ወደ ተረት ተለወጠ፤ ተረቱ ደግሞ ውድድሩን ይበልጥ አስወደደው። ጋዜጣው ያኔ በላቡ ሸጠ፤ ዛሬ ውድድሩ በጩኸቱ ይሸጣል። ስፖርተኛ ስለ ደሞዙ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አደገኛ ቁልቁለት ሲናገር «የድሮዎቹ ይህን ሁሉ ችለው አልፈዋል» የሚል መልስ ሲሰጠው፣ የድሮዎቹ ምን ብለው እንደነበር ማስታወስ ይጠቅማል። ችለው ብቻ አላለፉም። ተቃውመዋል፣ አልቅሰዋል፣ ተሳድበዋል፣ ቡና ቤት ገብተው በቃን ብለዋል። የተሻለውም ሁሉ የተሻለው በዚያ የተነሳ ነው።

የላፒዝ ሐውልት ክረምቱን በዚያ ከፍታ አይከርምም። በረዶው ከመምጣቱ በፊት ያወርዱታል። በየዓመቱ በሰኔ፣ መንገዱ ሲከፈት፣ በጭነት መኪና ላይ አስቀምጠው ወደ ጫፉ ይመልሱታል፤ ብዙ ብስክሌተኞችም ከኋላው እየጋለቡ ያጅቡታል። ሁሉም ማርሽ እየቀየሩ ነው የሚወጡት።